ባለቁልፉ ፍሪጅ

በሰባት ዓመቴ እናቴን ድሬያለሁ። ሙሽራው ዲበኩሉ ይባላል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ቀይ ሞተር ሳይክል አለው፤ ሲስቅ ድዱ ይታያል። ሠርጉ ሳይሆን ቀረ እንጂ በእኔ በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም። ሚዜ ሳይቀር መርጫለሁ።

የምንኖረው ከአዳሚ ቱሉ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከከባድ መኪና ሾፌሮች በቀር ስሟን የሚያስታውሳት በሌለ ትንሽ ከተማ ነበር። አባቴ ገመዳ እኔ ዳዴ እያልኩ ሳለሁ በመኪና አደጋ ሞቷል። እማዬ እሱ ከተወላት ሁለት ክፍል አንዱን ሱቅ አድርጋ ለስላሳና ቀዝቃዛ ውሃ ትሸጣለች። ሱቁን ሱቅ ያደረገው ፍሪጁ ነው። ነጭ፣ ረጅም፣ በሩ ላይ ቁልፍ ያለው። በዚያ ሙቀትና በዚያ አቧራ ጉሮሮው የደረቀ ሾፌር ሁሉ መኪናውን ጥግ አስይዞ "ሽታዬ፣ የበረደ አለሽ?" ይላል። በአካባቢው ሌላ ደህና ፍሪጅ አልነበረም። "ባሌ እሱ ነው፣ የሚያበላኝ እሱ" ትል ነበር እማዬ ስትቀልድ። እኔ ግን ፍሪጅ አባት አይሆንም ባይ ነበርኩ።

ዲበኩሉ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት ቦራ ሞታብናለች። ቦራ ላማችን ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበራት። አንድ ቀን ጠዋት አንገቷ ላይ እብጠት አየን፤ ሳምንት ሳይሞላ መላ ሰውነቷ ጉብ ጉብ አለ። ከዚያ እብጠቱ እየፈረጠ ቆዳዋ ተቦዳደሰ፣ ዝንብ ወረራት። እማዬ በጨው ውሃ ታጥባታለች፣ እኔ በቅጠል ዝንቡን አባርራለሁ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ወተቷ ደረቀ፣ ቀጥሎ መነሳት አቃታት። በሞተች ቀን እማዬ በረቱ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች።

በዚያው ሰሞን ክትባት መጥቶ ነበር፤ ግን ዘግይቶ። ከተከተቡት ከብቶች አንዳንዶቹ ከቀናት በኋላ አበጡ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሰንበታም አንድ በሬ ሞተባቸው። "መርፌው ነው የገደለው!" አሉ። "መድኃኒት ነው እያሉ በሽታውን ራሱን በብልቃጥ ይዘውብን ይዞራሉ።" ጋሼ ሰንበታ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ይሰማል። ዛሬ ሳስበው ጨርሶ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው እውነትም የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። በሬያቸው ግን መርፌው ሲወጋው በሽታው ቀድሞ ገብቶበት ነበር። ይህንን ማን ደፍሮ ያስረዳቸው?

ዲበኩሉ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው። አንድ ቀን ገና ሳይነጋጋ የሞተር ድምፅ ሰማሁና በመጋረጃው ጥግ አጮለቅኩ።

"አካም ቡልታኒ፣ እንዴት አደሩ፣ እትዬ ሽታዬ?"

"ነጋ፣ ደህና። ቶሎ ግባ፣ ሰው ሳያይህ!"

ሰው ሳያይህ! ልቤ ዘለለች። ዲበኩሉ ትከሻው ላይ ካንጠለጠለው ሰማያዊ ሳጥን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። እማዬ በሁለት እጇ ተቀብላ የፍሪጁ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ አሮጌ ነጠላ አልብሳ ቆለፈችና ቁልፉን በአንገቷ ክር ላይ አስራ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"አደራ እትዬ" አለ።

"ከነፍሴ ለይቼ አላየውም። ሂድ አሁን።"

ከጥቂት ወራት በፊት የአክስቴ ልጅ ሻሸመኔ ስትዳር ጥሎሽ ሲገለጥ አይቻለሁ። ወርቁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የመጣው፤ እናቷም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። እኛ ቤት ደግሞ ከፍሪጁ ሌላ ቁልፍ ያለው ነገር የለም። ነገሩ ግልጽ ነው። ሰውዬው በየጠዋቱ እየተመላለሰ የሚያስቀምጠው ደግሞ ደሞዝተኛ ስለሆነ ነው፤ ጥሎሹን በአንዴ መግዛት አልቻለም። አሳዘነኝ፤ ወደድኩትም።

ወርቁ ክትባት ነበር። ይህንን ያወቅኩት አዳማ ገብተን አሥረኛ ክፍል ሆኜ ነው። የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ኬላ ፍሪጅ ተበላሽቶ ነበር፤ መድኃኒቱ ደግሞ ከሞቀ ሞተ ማለት ነው። ዲበኩሉ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ የዕለቱን ብልቃጦችና እማዬ በሃይላንድ ጠርሙስ ያረጋችለትን በረዶ ሳጥኑ ውስጥ አድርጎ ወደየመንደሩ ይሄዳል። ሳይከፈት የተረፈውን ደግሞ መልሶ ያመጣል። ሰው እንዳያውቅ ያለችው እማዬ ናት። "በሽታውን በብልቃጥ ይዘው ይዞራሉ" በተባለበት አገር፣ ያ ብልቃጥ ከሚሪንዳና ከውሃ ጋር አንድ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ቢሰማ ማን ከእጇ ይጠጣል?

እኔ እንዲህ ያለ ነገር በየት በኩል ልገምት? ዲበኩሉ በመጣ ቁጥር ፊቴን ታጥቤ እጠብቃለሁ። ሞተሩ ላይ ያስቀምጠኝና መሪውን ያስይዘኛል። በረዶ የሆነውን ጠርሙስ ጉንጬ ላይ ሲያስነካኝ እጮሃለሁ፣ እሱ ይስቃል። ማንም በሌለበት በረቱ ጓሮ ሄጄ "አባዬ፣ ደህና ዋልክ?" እያልኩ እለማመዳለሁ። ድምፄ ለቃሉ አዲስ ስለነበር መጀመሪያ አካባቢ አሳፈረኝ፣ በኋላ ግን አፌ ለመደው። አንድም ቀን እማዬን "አንቺ" ብሏት እንደማያውቅ ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እስከ መጨረሻው እትዬ ሽታዬ፣ እርስዎ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሰንበታ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሦስቱም ኮት ለብሰዋል፤ በዚያ ሙቀት! አግዳሚው ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ። የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ የመጡትም ልክ እንዲህ ነበር የተቀመጡት። ወደ ጓዳ ሮጥኩና የገና ቀሚሴን ለበስኩ።

"ሰው ብዙ ይላል ሽታዬ" አሉ ጋሼ ሰንበታ። "ጎህ ሳይቀድ ይገባል ይላሉ። እውነት ነው?"

"ይመጣል። አልክድም።"

"በምን ጉዳይ?"

እማዬ አንገቷን ደፋች። ሙሽራ እንዲህ ነው የምትሆነው፤ ጥያቄ ሲበዛባት ታቀረቅራለች።

"ኃጢአት የለበትም ጋሼ። ጉዳዩን ግን አልናገርም።"

"የወንድሜ ሚስት ነሽ። የገመዳ ስም አለብሽ። ካልተናገርሽ እኛ ምን ብለን እንመን?"

እኔ ደግሞ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ብቅ አልኩ። "እማዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ፤ ለሽማግሌዎቹ ሚሪንዳ ላውጣላቸው።"

"ተይ!" ብላ ስትነሳ በርጩማው ተገለበጠ። ፍሪጁ በር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። "እንዳትነኪው! ወደ ጓዳ ግቢ!"

እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ለስላሳ የምታወጣው ሴትዮ! ጋሼ ሰንበታ ፍሪጁን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ቀስ ብለው ኮፍያቸውን አነሱ። ሳይጠጡ ወጡ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ጥሎሹ ውስጥ ስላለ ነው፤ ከሠርጉ በፊት መታየት የለበትም አልኩ።

አንድ ቃል ብትናገር ነፃ ትወጣ ነበር። ቃሉን የጠየቋት ግን መርፌውን ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ሰው ናቸው። ብትነግራቸው በማግሥቱ አገር ያውቃል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ መድኃኒቱም ማደሪያ ያጣል። ገና ያልተከተቡ መንደሮች ነበሩ። "በየበረቱ ያለችው ላም ሁሉ ቦራ መሰለችኝ" አለችኝ ስትነግረኝ። እኔ ብሆን እናገር ነበር፤ ሐቁን ልንገራችሁ፣ ለማንም ከብት ብዬ ስሜን አልሰጥም።

በማግሥቱ እሁድ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ከስብከቱ በፊት ማስታወቂያ ይነገራል። የሚጋቡ ካሉ ስማቸው ተጠርቶ ይቆማሉ፤ ጉባኤው ያያቸዋል፣ እልል ይባላል። በጉጉት እግሬን እያወዛወዝኩ ጠበቅኩ። ጋሼ ሰንበታ መድረኩ ላይ ወጡ።

"እህታችን ሽታዬ፣ ብድግ በይ።"

እማዬ ተነሳች። አየሽ! አልኩ ራሴን። ጋሼ ሰንበታ ቀጠሉ፤ "ለጊዜው ከጌታ እራት" አሉ፣ "ከአገልግሎት" አሉ፣ "እስክትመለስ ድረስ" አሉ። ወዴት እንደምትሄድና ከየት እንደምትመለስ አልገባኝም፤ ጫጉላ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። እልልታውን ነው የምጠብቀው። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ምን ዓይነት ምቀኞች ናቸው! ለሌላው ሲሆን ጣራ እስኪነቀል እልል ይላሉ፣ የእኔ እናት ስትሆን አፋቸው ተያዘ። ተናደድኩ። አግዳሚው ላይ ወጥቼ ቆምኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ እልልልልል አልኩ።

የእማዬ መዳፍ አፌን ያዘኝ። የልብስ ሳሙና ይሸታል። ተሸክማኝ ወጣች። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ አውርዳኝ በርከክ አለችና ዓይን ለዓይን ተያየን። ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

"ለምን እልል አልሽ፣ ሃዊዬ?"

"ስላገባሽ ነዋ! እነሱ እንቢ ሲሉሽ ጊዜ።"

ትኩር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባ እየነፋ በአጠገባችን አለፈ።

"አላገባሁም፣ የኔ ጉድ" አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች።

"ታዲያ መቼ ነው?"

እጄን ይዛ ወደ ቤት መራችኝ።

ወሬው ዲበኩሉ ጆሮ በማግሥቱ ደረሰ። ጠዋት ሳጥኑን እንኳ ከትከሻው ሳያወርድ ቆመ። "እትዬ ሽታዬ፣ ይሄ አይሆንም። ዛሬውኑ ሄጄ እናገራለሁ።"

"አንድም ነገር አትናገርም። መጀመሪያ ክትባቱን ጨርስ።"

"ሲያልቅስ?"

"ሲያልቅ ደግሞ ይባስ! ይኼን ሁሉ ጊዜ ከምን ጋር የቀዘቀዘ ውሃ እንደጠጡ ቢሰሙ፣ በአካባቢው ሆድ ቁርጠት የያዘው ልጅ ሁሉ በእኔ ነው የሚመካኘው። ልጅ አለችኝ እኮ። ልጄን ምን ላብላት? ተወኝ በቃ፣ እባክህ።"

ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው (ሌላውን እማዬ በኋላ ነግራኛለች)፤ ልጅ አለችኝ፣ ተወኝ። በቃ፣ በእኔ ምክንያት እንቢ አለችው! ዘመቻው አልቆ ዲበኩሉ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ሞተሩ ከዓይኔ እስኪጠፋ አስፋልቱ ላይ ቆምኩ። እማዬን ለብዙ ቀን አኮረፍኳት። እሷ ሥራዋን ትሠራለች፣ ጠርሙሱን ትወለውላለች፣ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በሆዴ "አባት ነሳሽኝ" እላታለሁ።

ክረምት ገባ፤ ከዝንቡ ጋር በሽታውም ተመለሰ። ያልተከተቡት አበጡ፣ የተከተቡት ቆሙ። የሚገርመው የጋሼ ሰንበታ ከብቶች አንዳቸውም አልታመሙም። ጋሼ እሁድ መድረክ ላይ ቆመው ምስክርነት ሰጡ። "መርፌ በረቴ አልገባም፣ የጠበቀልኝ ጸሎት ነው!" ሲሉ ጉባኤው አሜን አለ። እማዬ እንደ ወትሮዋ የኋለኛው አግዳሚ ላይ ነበረች። ባለቤታቸው እትዬ የሺዓለም ከፊታችን ተቀምጠው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል፤ በደስታ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ለካ ባላቸው የጠዋት ጸሎት ላይ ሳሉ ከብቶቹን ነድተው ያስከተቡት እሳቸው ናቸው። ብልቃጡ የሚያድርበትንም ያውቁ ነበር፤ አንድ ማለዳ ዲበኩሉን ፍለጋ መጥተው ፍሪጁ ክፍት ሳለ ደርሰዋል። ሁለቱ ሴቶች የዚያን ቀን ተያይተው ዝም ተባባሉ፤ እማዬም የሳቸውን፣ እሳቸውም የእማዬን ይዘው ቀሩ።

እገዳው የሚነሳው እማዬ ንስሐ ስትገባ ነው ተባለ። "ያላደረግኩትን ምን ብዬ ልናዘዝ?" አለች። የጌታ እራት ቀን ትሪው በፊቷ ሲያልፍ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ታየዋለች። ያኔ ዳቦና ወይን የማትወድ ይመስለኝ ነበር። ሦስተኛ ክፍልን ስጨርስ ፍሪጁን አይሱዙ ላይ ጭነን አዳማ ገባን፤ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፈተች።

አሥረኛ ክፍል ሆኜ ነገሩን ስትነግረኝ የጠየቅኳት የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ክትባቱ አልነበረም።

"ዲበኩሉን ትወጂው ነበር?"

"አይ አንቺ!" ብላ ፊቷን አዞረች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ "ደህና ሰው ነበር" አለች። "መታማቴ ላይቀር ምናለ እውነት በሆነ!" ሁለታችንም እየሳቅን ሱቁን ዘጋን። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላት።

ዘንድሮ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የእጮኛዬ የማናሴ ቤተሰቦች እኔን ለመጠየቅ ሽማግሌ ላኩ። አባት የሌላት ልጅ ስትጠየቅ በአባቷ ቦታ የሚቀመጠው የአባቷ ወንድም ነው፤ ስለዚህ ጋሼ ሰንበታ ከእትዬ የሺዓለም ጋር በሚኒባስ መጡ። አርጅተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። እኔ እስክጠራ ጓዳ ነኝ። እማዬ ለእንግዶቹ ለስላሳ ልታወጣ ስትገባ ጋሼ እጃቸውን ሊታጠቡ ተከትለዋት ገቡና ፍሪጁ ፊት ቆሙ።

"ይሄ ያ ፍሪጅ ነው?"

"እሱ ነው። ሞተሩን ቀየርኩት እንጂ እሱ ነው።"

"ክትባቱ የነበረበት።"

እማዬ ሚሪንዳውን እንደያዘች ቀረች። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። "ማን ነገረዎት?"

"የሺ።"

"መቼ?"

"በዚያው ክረምት። ምስክርነቱን የሰጠሁ ዕለት፣ ቤት ስንገባ።"

ከሳሎን የእንግዶቹ ሳቅ ይሰማል። እማዬ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እኔ የሠርጌ ነገር አበቃ ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞም ያብቃ አልኩ፣ አንገታቸውን ማነቅ ነበር ያማረኝ።

"በዚያው ክረምት" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ እርስዎ እያወቁ።"

"ጉባኤ ፊት ቆሜ መስክሬ ነበር ሽታዬ። በምን አፌ ልመለስ? አፈርኩ።"

"እኔስ? እኔ አላፈርኩም?"

ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። "በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ፤ እዚሁ፣ በመካከላችን ይለቅ።"

"በመካከላችን አይደለም ጋሼ" አለች። "እኔን ጉባኤ ፊት ነው ያስነሱኝ። ሳሎኑ ውስጥ ሰው አለ።"

"እንግዳ ፊት? ልጅ ሊጠይቅ በመጣ ሰው ፊት?"

"የማን ልጅ እንደሚወስዱ ይወቁዋ።"

እኔን አዩኝ። ዓይኔን ከዓይናቸው አላነሳሁም። ቀስ ብለው ዞረው ወጡ፤ የከዘራው ድምፅ በሊሾው ላይ ቀጨ ቀጨ እያለ ራቀ። እማዬ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ጉሮሮአቸውን ሲጠርጉ ሰማን፤ ልክ እንደ ድሮው።

"ሽማግሌዎች፣ ልጃችንን እሺ ከማለታችን በፊት የምናገረው አለኝ። የዚህችን ልጅ እናት፣ የወንድሜን ሚስት፣ ጉባኤ ፊት አቁሜ ያላደረገችውን አሸክሜያታለሁ። በቤቷ ደብቃ ያቆየችው ወንድ አልነበረም። የመንደራችንን ከብት፣ የእኔንም ጭምር፣ ያተረፈ መድኃኒት ነው። ይህንን አውቄ ዝም አልኩ። ዛሬ እናንተ ምስክር ሁኑኝ፤ ሽታዬ ንጹሕ ሴት ናት።"

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ ታየኝ። እትዬ የሺዓለም ብቻ በነጠላቸው ውስጥ ሲንሰቀሰቁ ይሰማል። የምትጠየቅ ልጅ ከጓዳ ድምፅ ማሰማት ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ግን አልቻልኩም። ባለኝ ድምፅ ሁሉ እልልልልል አልኩ።

እማዬ አጠገቤ ነበረች። አፌን አልያዘችኝም። እልልታዬን ተቀበለችኝ።